የነቀልኩት ሽቦ

ጥቅምት 4፣ 2002፣ ረቡዕ
ሙቀቱ ዛሬ ቀለል ብሏል። ጠዋት አንድ አሮጌ ሞተር ብቻ... ካንዴላ ቀይሬ ሸኘሁ። ከሰዓት በኋላ ዐብደላ መጣ፤ ዐረቡ ዓሣ አጥማጅ፣ ከባሕሩ ዳር መንደር ከራስ ኢምራን። እሱና ወንድሙ ሳልም የሚስቶቻቸውን ወርቅ ሸጠው የገዙትን አዲሱን የጀልባ ሞተር ይዞ።
ዐረቦቹ መካኒክን «ያ ሙሀንዲስ» ብለው ነው የሚጠሩት። «ያ ሙሀንዲስ፣ መሀል ባሕር ላይ ይጮኻል። ጲ... ካለ አያቆምም። ከዚያ ጉልበቱ ይከዳኛል።»
በርሜል ውኃ ውስጥ አስነሳሁት። አልጮኸም። የማቀዝቀዣው ውኃም በጎኑ በደንብ ይወጣል። ታዲያ ምን ሆነ?

ጥቅምት 5፣ ሐሙስ
ግማሽ ሰዓት ሠርቶ ጮኸ። ውኃው እየወጣ! ፓምፑን ፈታሁ፤ ደህና ነው። የማቀዝቀዣውን ውኃ ወደ ሞተሩ የሚያሳልፈውን ቴርሞስታት ማየት ነበረብኝ። ግን ቡሎኖቹ በጨው ተጣብቀዋል። አንዱ ቢሰበር ወጪው ብዙ ነው። ኮርማክሳር ሰፈር ውስጥ ይሁኔ የሚባል ያገራችን ልጅ አለ፤ ኮምፒውተር ሰክቶ ነው የሚመረምረው። እሱ ጋ ውሰደው ልበል? ሠላሳ ዓመት ሙሀንዲስ ስባል ኖሬ?
ሴንሰሩ ነው የተበላሸው አልኩ፣ ለራሴ። ሞተሩ ሲግል የሚያስጮኸውን የሙቀት ሴንሰር ሽቦ ነቀልኩና በቴፕ ጠቀለልኩት። ዝም አለ።
«ተሠራ» አልኩት ዐብደላን። ግንባሬን ሳመኝ።

ጥቅምት 9፣ ሰኞ
ዐብደላና ሳልም ቅዳሜ ወጥተው አልተመለሱም ይላሉ።
የሺሀረግ ራት አቀረበች። አልወረደልኝም። «አሞሃል እንዴ?» «ሙቀቱ ነው» አልኳት። ሚስቴን ስዋሻት የመጀመሪያዬ አይደለም... እንዲህ ግን ዋሽቻት አላውቅም።

ጥቅምት 10፣ ማክሰኞ
ተገኙ! ሌላ ጀልባ ጎትቶ አመጣቸው። ሞተሩ መሀል ባሕር ላይ ድርቅ ብሎ ቀርቷል። ሳልም በውኃ ጥም ራሱን ስቶ ሆስፒታል ነው።
ሰው ሁሉ ቤንዚኑ ነው አለ። የሸጠላቸው ቡርሃን ነው፤ ባሕሩ ዳር በጄሪካን የሚቸረችረው የባሌ ሰው። «ሐበሻው ውኃ ቀላቅሎበት ነው» ብለው ጄሪካኖቹን በቢላዋ ቀደዱበት። አባረሩት።
ሰማሁ። ምን አልኩ? ምንም።

ጥቅምት 11፣ ረቡዕ
ሞተሩን እኔው ጋ አመጡት። በሩን ዘግቼ ከፈትኩት። ቴርሞስታቱ በጨው ተደፍኗል፤ ፒስተኑ ግሎ ተጣብቋል። ቤንዚኑን በጠርሙስ ቀድቼ አየሁ። ንጹሕ። ጠብታ ውኃ የለውም።
ከዚያ... ይኼን መጻፍም ያሳፍራል። ሽቦውን መልሼ ሰካሁት። ቴፑን ኪሴ ከተትኩ።
ዐብደላ መጣ። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። «ቤንዚኑ ነው?»
«ሊሆን ይችላል» አልኩ። ሊሆን ይችላል!

ጥቅምት 12፣ ሐሙስ
ሳልም ነቅቷል አሉ። ተመስገን ልል ፈለግሁ። በየትኛው አፌ?

ጥቅምት 16፣ ሰኞ
ቡርሃን ሊሰናበተኝ መጣ። አንዲት ቦርሳ አንጠልጥሏል። ወደ ሰሜን፣ ድንበር አጠገብ ወዳለችው ሐረድ፣ ከዚያ በእግሩ ሊሻገር። በዚያ በኩል ጦርነት ነው እኮ።
«ጋሼ ኃይለሚካኤል፣ ወላሂ ጠብታ ውኃ አልጨመርኩም።»
«አውቃለሁ።»
«አላህ ያክብርዎ! እርስዎ ብቻ አመኑኝ።» እጄን ሊስም ጎንበስ አለ። እጄን መነጨቅኩ።
«ሽቦውን የነቀልኩት እኔ ነኝ» አልኩ።
አልገባውም። ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኩት፤ ጩኸቱን፣ ሴንሰሩን፣ መልሼ መሰካቴን። ቦርሳውን መሬት አስቀመጠ።
«ጄሪካኖቼን ሲቀድዱብኝ ታውቅ ነበር?»
«አውቅ ነበር።»
«ተነስ» አለኝ። እርስዎ ማለቱ ቀረ። ተነሳሁ።
ራስ ኢምራን ስንደርስ ዓሣ አጥማጆቹ መረብ ይጠግናሉ። በሁሉም ፊት ተናገርኩ። ዐብደላ አልመታኝም። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር።
«የሚጮኸው እኮ ለእኔ ነበር» አለ። «ለምን አፉን ዘጋህብኝ?»
«አላውቅም ማለት አፍሬ።»
ጥሎኝ ወደ ቡርሃን ሄደ። ግንባሩን ሳመው፤ ይቅር በለኝ አለው። እኔን ዞሮ ያየኝ የለም። ለብቻዬ ተመለስኩ።
ማታ ለየሺሀረግ ነገርኳት። «ሳልምን ሄደህ ጠይቀኸዋል?» አለች። አልጠየቅኩትም።

ጥቅምት 17፣ ማክሰኞ
ሳልምን ጠየቅኩ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ወንበሩ ላይ ትንሽ ቆይቼ ወጣሁ።

ኅዳር 20፣ እሑድ
ወርክሾፑ ተሸጠ። የዐብደላን ሞተር ይሁኔ አደሰው፤ የወርክሾፑ ዋጋ በአንድ ሞተር ሄደ። ቡርሃን አልተሰደደም፤ አዲስ ጄሪካን የገዛለት ዐብደላ ነው አሉ።

ኅዳር 26፣ ቅዳሜ
ይሁኔ ጋ ተቀጥሬ መሥራት ከጀመርኩ አራተኛ ቀኔ። ዕድሜው ከልጄ አይበልጥም። ኮምፒውተሩን ሲያሳየኝ መነጽሬን አድርጌ እጽፋለሁ።
ዛሬ እሱ ወደብ ወርዶ ሳለ አንድ ሰው የሚጮኽ ሞተር ይዞ መጣ። ትክ ብሎ አየኝ።
«ያን ሽቦ የነቀለው አንተ አይደለህም?»
«እኔ ነኝ» አልኩ።
«ታዲያ ይኼ የሚጮኸው ምን ሆኖ ነው?»
«አላውቅም። ይሁኔ እስኪመጣ ጠብቅ።»
ይሄዳል ብዬ ነበር። ጥላው ሥር በርጩማ ስቦ ተቀመጠ። ሻይ አዘዝኩለት። አብረን ጠበቅን።