በሰፌድ ላይ ያሰለፍኸው ቡድን

ታዴ፣ የልጄ አባት፣

ከተለያየን አሥር ወር ከአሥራ ሁለት ቀን ሆነ። ቀኑን የምትቆጥረው ልጃችን ትዕግሥት ናት፤ ከደምበጫ በደወለች ቁጥር የሙት ዓመትህን ድግስ ከአሁኑ እናስብበት ትለኛለች። እሽ እላታለሁ። ከድግሱ በፊት ግን እኔና አንተ የምንጨርሰው ነገር አለን። ለነፍስ አባታችን ተናዝዣለሁ፤ እሳቸውም ቀኖና ሰጥተው ፈትተውኛል። ቀኖናውን ፈጸምሁ፣ ልቤ ግን አልቀለለኝም። የበደልሁት አንተን ነውና ላንተው ልጻፍ አልሁ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ወፍጮውን ወንድምህ ስንሻው ይዞታል። ቀበቶው ዛሬም በሳምንት ሁለቴ ይበጠሳል፤ ስንሻውም እንደ አንተ ማሽኑን ይረግመዋል፣ እንደ አንተ ግን መልሶ አይለማመጠውም። የጓሮው ማንጎ ዘንድሮ ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ አፍርቶ ነበር፤ ብቻዬን ምን ልበላው፣ ለጎረቤት አደልሁት። አልጋህ ከመስኮቱ ሥር እንዳለ ነው። ሰፌዱም አንተ የኳስ ቡድኑን በመጨረሻ እንዳሰለፍኸው፣ አሥራ አንዱ በቆሎ ባንድ ወገን፣ አሥራ አንዱ ባቄላ በሌላ ወገን ሆኖ ቁም ሣጥኑ ላይ ተቀምጦ ነበር። ነበር የምልህ፣ በፋሲካ ሰሞን ዶሮይቱ ወጥታ አንዱን በቆሎ ስለ ለቀመችው ነው። የተበላው ግራ ተከላካያችን፣ ያ ይበልጣል ነው። እንደ ልማዱ ቦታውን ለቅቆ ጠርዝ ላይ ተንከባልሎ ነበራ! ብቻዬን ሳቅሁ፤ ወዲያው ደግሞ የምነግረው ሰው ስለሌለኝ አለቀስሁ።

ሠላሳ ዓመት አብረን ስንኖር አንድ ጨዋታ አላየሁልህም። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ምሳህን እንደ ነገሩ ጎርሰህ ወደ ሜዳ ትበራለህ፤ እኔ እቤት እቀራለሁ። ከሜዳው የሚመጣው ጩኸት ለእኔ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ነበር፤ ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ጉዳዬም አልነበረ። ጉበትህ ታሞ የባሕር ዳር ሐኪሞች እቤት ያስታምሙት ብለው ከመለሱን በኋላ ነገሩ ተገለበጠ። አንተ አልጋ ላይ ቀረህ፣ እኔ ሜዳው ዳር ካለው ዋንዛ ሥር ባንተ ቦታ ቆምሁ። ያን ጊዜ የዞኑ ውድድር እዚሁ ፍኖተ ሰላም፣ በእኛው ሜዳ ነበር የተዘጋጀው። ስድስቱንም ጨዋታ አይቼ እንድነግርህ አስማልኸኝ።

ኳስ የማታውቅ ሴት ምን አይታ ትንገርህ? በሰፌድ አስተማርኸኝ። በቆሎው የእኛ ልጆች፣ ባቄላው ባላጋራ፣ አንዲቱ ሽምብራ ኳስ። በቀጭን ጣትህ እየገፋህ ከጨዋታ ውጪ ማለት ምን እንደ ሆነ፣ አማካይ ለምን ኳስ ማቆየት እንደሌለበት ስታስረዳኝ፣ ታምሜያለሁ ማለትን ትረሳ ነበር። እኔም ሳላስበው ሱሱ ያዘኝ። ዛሬ ከዋንዛው ሥር ከሚቆሙት ወንዶች ማንም አይከራከረኝም።

እውነቴን ነው፣ አስተያየት አወጣሁ። አንተነህ እግሩ ወርቅ ነው፣ ግን ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የተባለው ለእሱ ነው። መሀል ሜዳ ላይ ኳስ ከያዘ ሦስት ሰው ካላለፈ አይሰጥም፤ ሁለቱን ያልፍና ለሦስተኛው ያስረክባል። ሙሉቀን በአየር ኳስ አይታማም፣ ዞሮ እስኪሮጥ ግን ቅዳሴ ይወጣል። ይበልጣል ሲሄድ እሳት ነው፣ ሲመለስ ከለቅሶ የሚመለስ ይመስላል። በረኛችን ዘላለም የቅርብ ምት አይፈራም፤ የማዕዘን ምት ሲመጣ ግን መስመሩ ላይ ተተክሎ ይቀራል። ከሁሉ የሚሻለው አጥቂው ጌትነት ነበር።

አሰልጣኙ ምንይችል ደግሞ አራቱን ተከላካዮች እስከ መሀል ሜዳ ድረስ አስጠግቶ፣ ባላጋራን ከጨዋታ ውጪ ለማስያዝ ያጫውታል። ሲሠራ ያምራል። ሳይሠራ ከኋላቸው አንድ ጥማድ የሚያህል ባዶ ሜዳ ይቀራል፤ ኳስ ከላይ ከተጣለች ማንም አይደርስባትም።

የመጀመሪያውን ጨዋታ አሸነፍን፤ እሱን እውነቱን ነው የነገርሁህ። በሁለተኛው የሽንዲ ልጆች በዚያ ባዶ ሜዳ እየገቡ ሦስት ለዜሮ ሸኙን። ከሜዳው እስከ ቤት ያለውን መንገድ እንዴት እንደምነግርህ ሳሰላስል ተጓዝሁ። ስገባ ፊትህን ታጥበህ፣ ትራሱን ተደግፈህ፣ ሰፌዱን ጭንህ ላይ አድርገህ ጠበቅኸኝ። የታመመ ሰው ክፉ አይሰማም ብለው ነው ያሳደጉን። አንድ ለዜሮ አሸነፍን አልሁህ። ማን አገባ ስትለኝ ጌትነት አልሁ። ከየት በኩል ስትለኝ ከግራ አልሁ። ያን ቀን አጥሚቱን ግማሽ ኩባያ ጠጣህ፤ ሳምንት ሙሉ እህል አልቀምስ ያልኸው ሰው።

ከዚያማ ካፈርሁ አይመልሰኝ ሆነ። በሦስተኛው ተሸነፍን፣ አሸነፍን አልሁህ። አራተኛውም፣ አምስተኛውም እንደዚያው። ሊጠይቅህ የሚመጣውን ሁሉ በር ላይ እየጠበቅሁ ስለ ኳስ ከጠየቃችሁ ደግ ደጉን ብቻ አውሩለት እላለሁ። ሰፈሩ በሙሉ አብሮኝ ዋሸ። አንተም በሰፌዱ ላይ ያልገቡ ጎሎችን ከነመንገዳቸው ታስገባ ነበር።

ይህ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ከሦስተኛው ጨዋታ በኋላ መልእክት ላክኸኝ። ለምንይችል ንገሪው፣ የሚያሸንፍ ቡድን አይነካም፣ ተከላካዮቹ እዚያው ከፍ እንዳሉ ይቆዩ አልኸኝ። አልነግርም ብል ለምን ልትለኝ ነው። ሄጄ ነገርሁት፤ ምክንያቱን ግን ዋጥሁት። እሱ ምስኪን አንተ ውጤቱን የምታውቅ መስሎታል። ሁለቴ በተከታታይ ተሸንፈን አንተ አትንካው ስትል ጊዜ ግራ ገባውና ጭንቅላቱን አከከ። በኋላ ግን፣ “ጋሽ ታደለ ካሉማ አንድ የታያቸው ነገር አለ። የታመመ ሰው ቃል አይታለፍም” አለኝ። መስመሩን እዚያው ተወው። እኔም ከዋንዛው ሥር ቆሜ፣ በዚያ ባዶ ሜዳ እየገቡ ሲያገቡብን አየሁ። ወደ ኋላ ብዬ ብጮኽ የሚሰማኝ የለም። እቤት ስመጣ አንተ እያነስህ ትጠብቀኛለህ። እዚያም ዳር ቆሜ አያለሁ፣ እዚህም ዳር ቆሜ አያለሁ፤ በሁለቱም ቦታ እጄ ባዶ ነው።

ከአምስተኛው ጨዋታ በኋላ ማክሰኞ ለታ ጌትነት ሊጠይቅህ መጣ። ጓሮ ነበርሁና በር ላይ አላገኘሁትም። አጥሚቱን ይዤ ስገባ በክራንች ቆሟል፣ እግሩ እስከ ጉልበቱ በጀሶ ታስሯል። በሦስተኛው ጨዋታ ነበር የተሰበረው። እኔ ደግሞ እሑድ ለታ ሁለት ጎል አስገብቼለት ነበር። መቼ ነው የተሰበርኸው ብለህ ጠየቅኸው። “ሁለት ሳምንት አለፈኝ፣ ጋሼ” አለህ። ኩባያውን ከራስጌህ አኖርሁ። አንተ ግን ወደ እኔ አላየህም። እግዚአብሔር ይማርህ ብለህ መርቀህ ሸኘኸው።

ከወጣ በኋላ ሰፌዱን አምጪ አልኸኝ። በቆሎዎቹን አሰለፍህ። እስቲ ጌትነት ሁለተኛውን ጎል እንዴት እንዳገባው እንደገና ንገሪኝ አልኸኝ። ያን ጊዜ እግርህ ላይ መውደቅ ነበረብኝ። እኔ ግን በጭንቅላቱ አልሁህ። ጎበዝ ልጅ ነው አልህ። ከዚያም አራቱን የኋላ በቆሎዎች አንድ በአንድ ወደ ታች ሳብሃቸው። ለምንይችል ንገሪው፣ ተከላካዮቹን ወደ ኋላ ይሳባቸው፣ ይበልጣልም መሀል ሜዳውን እንዳያልፍ አልኸኝ። ለምን እንደሆነ አልነገርኸኝም፤ እኔም አልጠየቅሁህም።

ነገ እነግረዋለሁ አልሁ። አፍሬ ነው ታዴ፤ ለምን ቃሉን ቀየረ ቢለኝ ያንን ሁሉ ውሸት መዘርገፍ ነበረብኝ። ረቡዕ ጠናብህ። ሐሙስ ረፋዱ ላይ ሄድህ።

ዓርብ ስንቀብርህ ምንይችል ልጆቹን አስከትሎ መጣ፤ ቃሬዛህን እነሱ ናቸው የተሸከሙት። ከፊቴ ጎንበስ ብሎ እግዚአብሔር ያጽናዎት ሲለኝ፣ መልእክትህ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበረች። ግን በየትኛው አገር ነው የባሏ አፈር ሳይደርቅ ስለ ተከላካይ መስመር የምታወራ ሴት? ዋጥኋት።

እሑድ ሥልስትህ ነበር። የመጨረሻውም ጨዋታ፣ ከቡሬ ልጆች ጋር፣ የዚያን ዕለት ነበር። አቻ ብንወጣ እንኳ ከመውረድ እንተርፍ ነበር። ሐዘንተኛ ወዴት ይሄዳል፣ ድንኳኑ ውስጥ ከሴቶቹ መሀል ተቀምጫለሁ። ጩኸቱ ከሜዳው ይመጣል። መጀመሪያ ደመቀ። ከዚያ ባንድ ጊዜ ጸጥ አለ። ያ ዝምታ ምን እንደ ሆነ ገባኝ፤ ገባብን ማለት ነው። ቆየት ብሎ ደግሞ ጸጥ አለ። ሁለት ለዜሮ። በዚያው ባዶ ሜዳ እንደ ገቡ ማንም ሳይነግረኝ አወቅሁ።

ያን ጊዜ ነው ያመመኝ፣ ታዴ። አልጋህ ከመስኮቱ ሥር ነው። መስኮቱ ወደ ሜዳው ነው። እኔ ሠላሳ ዓመት እንደ ዝናብ ስሰማው የኖርሁትን ጩኸት አንተ አንድ በአንድ ታውቀዋለህ። እኔ ከዋንዛው ሥር ሳለሁ አንተ እዚህ ተኝተህ ዝምታዎቹን ትቆጥር ኖሯል። ከሽንዲ ጨዋታ ጀምሮ ታውቅ ነበር! ጌትነት በክራንች ሳይመጣ፣ እኔ ደጁን ሳልረግጥ ታውቅ ነበር። ፊትህን ታጥበህ የምትጠብቀኝ እኔ በውሸቴ እንዳላፍር ነበር። ያንን የማይዋጥልህን አጥሚት የጠጣኸው ለእኔ ነው። መስመሩ አይነካ ብለህ የላክኸውም፣ ይሳብ ብትለኝ ማወቅህን ስለምነቃ ነው። ዕድሜህን ሙሉ የወደድኸውን ቡድን ለእኔ ውሸት ለቀቅኸው። ድንኳኑ ውስጥ እሪ ብዬ ስነሣ ሴቶቹ ላንተ መስሏቸው ደግፈው አስቀመጡኝ። ላንተም ነበር።

ቡድናችን ወደ ታችኛው ምድብ ወረደ። በአርባህ ምንይችል ሰው ሁሉ እየሰማ፣ “መስመሩን ልስበው አስቤ የጋሽ ታደለን ቃል መሻር አቃተኝ፤ ቃላቸውን አክብሬ ወረድሁ፣ አልቆጭም” አለ። ጨዋ ልጅ ነው ብለው አመሰገኑት። እኔ ዳቦውን እቆርስ ነበር፤ ቢላዋው እጄ ላይ ቀረ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ በራሱ እስኪጠራ መጠበቅ ግን ሰለቸኝ። ትናንት ከገበዝ ማርያም ከመጡ ልጆች ጋር ስንጫወት፣ በዕረፍት ሰዓት ሜዳውን አቋርጬ ምንይችል ዘንድ ሄድሁና ሁሉን ነገርሁት። የዋሸሁትን፣ አንተ ያወቅኸውን፣ ሳላደርሳት የቀረችውን መልእክት። ባርኔጣውን አውልቆ ወደ ሜዳው ተመለከተ። ይቆጣኝ መስሎኝ ነበር፤ ቢቆጣኝ በወደድሁ። “ኳስ ድቡልቡል ናት፣ እትዬ” አለኝና ልጆቹን ጠርቶ አራቱን ተከላካዮች ወደ ኋላ ሳባቸው። ይበልጣልም መሀል ሜዳውን እንዳያልፍ ተነገረው፤ እያጉረመረመ ቆመ።

አሥር ወር ዘግይቶ አንተ ያሰለፍኸው ቡድን ሜዳ ላይ ሲቆም አየሁት። ያ ባዶ ሜዳ ተዘጋ። አንዲት ኳስ እንኳ በዚያ አላለፈችም። ዓይኔ እንባ ሞልቶ ግማሹን በወጉ አላየሁትም።

ማታ ግን ሰፌዱን አወረድሁ። በይበልጣል ቦታ ሌላ በቆሎ ተካሁ። አልጋህ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ከመጀመሪያው ጀምሬ ተረክሁልህ፤ ማን ለማን እንደ ሰጠ፣ አንተነህ ስንቴ እንዳስነጠቀ። ከእንግዲህ እሑድ እሑድ እንዲሁ አደርጋለሁ። ሙት ዓመትህ ይለፍ፣ ሌላውም ይለፍ፤ ከዋንዛው ሥር ቦታህን አላስነካም፣ የሰፌዱንም ወሬ አላስቀርብህም። ውሸት ግን አልጨምርበትም።

ተሸነፍን ታዴ። አንድ ለዜሮ። በማዕዘን ምት ነው፤ ዘላለም መስመሩ ላይ ተተክሎ ቀረ።

ያንተው ይታይሽ