ሚስማር የለመደ አፍ

ግንቦት 5፣ ማክሰኞ
የደንበኛችንን፣ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋን፣ ሶፋ ጨርቁን ገፍፈን ጨረስን። ከስፖንጁ ሥር ሦስት እስክሪብቶና አንድ የልጅ ካልሲ ወጣ። ሶፋው ደህና ነበር እኮ... በዚህ ዓመት ብቻ ለሦስተኛ ጊዜ መምጣቷ ነው። ታላቅ ወንድሜን ጋሼን አየት ታደርግና ስለ ጨርቅ ትጠይቃለች። ጋሼ ስለ ጨርቅ ይመልስላታል። ወይ ጋሼ!

ከሰዓት ሚስማር በአፌ ይዤ ስመታ ምላሴ አንድ ነገር ነካች። ከላይ በቀኝ፣ ድዴ ላይ። ምስር የምታህል እብጠት። አታምም። ሚስማር ወግቶኝ ይሆናል።

ግንቦት 7፣ ሐሙስ
አሁንም አለች።

ግንቦት 10፣ እሑድ
ሚስቴ ሳታይ በመላጫ መስታወቴ አየኋት። ጫፏ ነጣ ብሏል። አባባ ትዝ አሉኝ። የገደላቸው ካንሰርም ከድዳቸው ነው የጀመረው። ሶፋ ሠሪ ነበሩ፤ እኔንም ጋሼንም ሚስማር በአፍ መያዝ ያስተማሩን እሳቸው ናቸው። “እጅ ለመዶሻ፣ አፍ ለሚስማር” ይሉ ነበር። ቁስሉን በጨው ውሃ እየተጉመጠመጡ ዓመት ሙሉ ደበቁን። ሐኪም ሲያያቸው ጊዜው አልፏል።

ከሞቱ አሥራ አንድ ዓመታቸው። ጋሼና እኔ ስለዚህ ነገር አንስተን አናውቅም። ግን የሁለታችንም ሐሳብ አንድ ነው... ሚስማሩ ነው የገደላቸው። ታዲያ ለምን አልተውነውም? እንጃ። እጅ ከለመደ ምን ይደረጋል።

አሁን ተራው የኔ ሆነ ማለት ነው? ልጆቼ ገና ናቸው እኮ።

ግንቦት 13፣ ረቡዕ
የሞኝ ሥራ ሠራሁ። የሶፋ መርፌ በእሳት አግዬ ወጋኋት። መግል ወጣ፤ ጨው ጨው የሚል፣ ሽታው የማይቻል። ኧረ ጉድ! ግን ወዲያው ሟሸሸች። ዳንኩ! ደስታዬን የማደርግበት ሳጣ ለሚስቴ ብርቱካን ገዛሁላት። “ምን አጥፍተህ ነው?” አለችኝ።

ግንቦት 17፣ እሑድ
ተመለሰች። እዚያው ቦታ።

ግንቦት 19፣ ማክሰኞ
ተያዝኩ። ምሳ ላይ በግራ በኩል ብቻ ሳኝክ ሚስቴ አየችኝ።
“እስቲ አፍህን ክፈት።”
“ምንም የለም።”
“ክፈት አልኩህ! ልጅ ነህ እንዴ?”
ከፈትኩ። ፊቷ ተለዋወጠ። “ስንት ቀን ሆነህ?”
“ሁለት ሳምንት...”
“አባባም ምንም የለም ነበር የሚሉት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። ነገ ትሄዳለህ፤ አለዚያ እኔው እየጎተትኩ ነው የምወስድህ።”
ተናደድኩባት። ደስም አለኝ። ለጋሼ፣ ነገ ጨርቅ ሻጩ ጋ እሄዳለሁ አልኩት። ዋሸሁት።

ግንቦት 20፣ ረቡዕ
እፎይ! እፎይ! እፎይ!

የጥርስ ሐኪሟ ልጅ እግር ናት። በትንሽ ብረት ጥርሶቼን መታ መታ ስታደርግ አንደኛው ላይ ከወንበሩ ልነሣ ምንም አልቀረኝም። ራጅ አነሣችኝ። ራጁን ወደ ብርሃኑ አንሥታ ትክ ብላ አየችው። “ካንሰር ነው?” አልኳት፣ ሳላስበው።

“አይደለም። ጥርስዎ ተሰንጥቆ ሥሩ መግል ቋጥሯል። እብጠቷ የመግሉ መውጫ በር ናት። በሩን ቢወጉት ቤቱ ውስጥ ያለው መች ያልቃል?”

መውጋቴን በምን አወቀች? “ምን ይነክሳሉ?” ስትለኝ “ሚስማር” አልኳት። የቀለድኩ መስሏት ሳቀች። ኋላ የምሬን መሆኑን ስታይ ሳቋን ዋጥ አደረገች።

ስለ አባባ ነገርኳት። ያጨሱ ነበር ወይ አለች። በቀን አንድ ፓኬት! “እንግዲያው እኔ የምጠረጥረው ሲጋራውን ነው። ሚስማር ጥርስ ይሰነጥቃል እንጂ...” አለችኝ። ስንት ዓመት ሙሉ ሚስማሩን ስከስ!

ያለችኝን እንዳልረሳው ልጻፈው። አፍ ውስጥ ያለ እብጠትም ሆነ ቁስል ሁለት ሳምንት ካለፈው ይታይ። ፊት ካበጠ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ መዋጥ ካስቸገረ ግን ቀጠሮ የለም፣ በዚያው ቀን ነው።

የጥርሱን ሥር መጥረግ ጀመረች። የቀረውን በቀጠሮ። ጉንጬ ደንዝዞ ቤት ስገባ ሚስቴ በር ላይ ቆማ ነበር። “ደህና ነኝ” ልላት ብል ምላሴ ተሳሰረች። ሳይገባት አልቀረም፣ አቀፈችኝ።

ግንቦት 21፣ ሐሙስ
ለጋሼ እውነቱን ነገርኩት። ከአባባ ጀምሬ እስከ መርፌዬ ድረስ፣ ሁሉንም።

መዶሻውን አስቀመጠ። ሚስማሮቹን አንድ በአንድ ከአፉ እያወጣ መዳፉ ላይ ደረደራቸው።
“ሁለት ሳምንት ነው ያለችህ?”
“አዎ።”
“አሥራ አንድ ዓመትስ ከሆነው?”

አፉን ከፈተ። ከምላሱ ሥር፣ ከታችኛው ድዱ በውስጥ በኩል፣ በግራም በቀኝም እንደ ጠጠር የጠነከሩ እብጠቶች። አባባን የቀበርን ሰሞን ነው ያገኛቸው። “ባወቅኩት ቀን የምሞት መሰለኝ” አለ።

ለካ ለዚህ ነው! አግባ ባልነው ቁጥር “የሰው ልጅ ላስለቅስ?” የሚለን ለዚህ ነው! እኛ ኩራት ነው እያልን ስናማው...

ግንቦት 22፣ ዓርብ
ጋሼን ይዤው ሄድኩ። ሐኪሟ በጣቷ ዳሰሰችው፣ ራጅ አነሣችው፣ ደግማ ዳሰሰችው።
“አጥንት ነው” አለችው። “አንዳንድ ሰው መንጋጋው እንዲህ ያበቅላል። የሚያመጣብዎት ነገር የለም።”
“መድኃኒቱስ?”
“የለውም። በሽታ አይደለማ።”

ደረጃው ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። አርባ ስድስት ዓመቱ ነው። “አሥራ አንድ ዓመት!” ይላል። “አሥራ አንድ ዓመት አጥንቴን ስፈራ!” አጠገቡ ተቀመጥኩ። ኋላ ሳቅ አመለጠኝ፤ እሱም ሳቀ። የሚወጣው የሚወርደው ሁሉ እያየን ነው ያለፈው።

ሰኔ 3፣ ማክሰኞ
የጥርሴ ሕክምና አለቀ። እብጠቷ የለችም። ምላሴ ግን አሁንም ሄዳ ትፈልጋታለች።

ሚስማሮቹ ማግኔት ያለው ሳህን ላይ ናቸው። እጃችን በስሕተት ወደ አፋችን ሲሄድ አንዳችን በአንዳችን እንስቃለን። ሥራው ዘገየ፣ ግን አፋችን ተፈታ። ቀኑን ሙሉ ስናወራ ነው የምንውለው። ስለ አባባ እንኳ አወራን።

የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋ ዛሬ ደግሞ አንድ ወንበር ላከች፤ ተቀደደብኝ ብላ። ምንም አልሆነም። ጋሼ ነካ ነካ አደረገውና “እኔው ላድርስላት” አለ። እጁን ታጠበ፣ ሸሚዙን ቀየረ፣ ወንበሩን ተሸክሞ ወጣ።

ሱቁን ብቻዬን ዘጋሁ። እስካሁን አልተመለሰም።