መርፌ ቢወጋም አይተርፍም ነበር

ኮልፌ፣ የካቲት ፲፱፻፷፫ ዓ.ም.

ለምወድሽ እናቴ፣ ጊንጪ

እማዬ፣ ጤናሽ እንዴት ነው? አያቴስ በረቱ? የጊንጪ ብርድ ጉልበትሽን እንዳይነካው ጋቢሽን ደራርቢ። እኛ ደህና ነን። አባባም ሳሉ ተሽሏቸው ሥራ ገብተዋል።

የምጽፍልሽ ግን ለሰላምታ ብቻ አይደለም። ጥምቀት ያለፈ ሰሞን ከትምህርት ቤት አስፈቅጄ ዱሬቲን ሐኪም ቤት ወስጃት ነበር። ሐኪሙ ከኩፍኙ ጀምሮ የሆነውን ሁሉ ጠየቀኝ። ኩፍኝ የያዘው ልጅ መርፌ ከተወጋ ይሞታል ስላሉሽ ዱሬቲንና ወንድሜን ገመቹን ጨለማ ክፍል አስተኝተሽ እንደጠበቅሻቸው፣ ገመቹ እየተንቀጠቀጠ እንዳረፈ፣ ዱሬቲም ስትነቃ ቀኝ እጇ እንደሰነፈና መውደቅ እንደጀመረች ነገርኩት። ከዚያ አንቺ መጠየቅ የፈራሽውን እኔ ጠየቅሁት። በጊዜው አምጥተናቸው መርፌ ቢወጉ ኖሮ ወንድሜ ይተርፍ ነበር ወይ? አልኩት።

እስክሪብቶውን አስቀምጦ አየኝ። ኩፍኙ ራሱ አንጎላቸውን አስቆጥቶት ነው፤ ይህን የሚያቆም መርፌ እኛም ጋ የለም፣ ሌላ አገርም የለም አለኝ። እናትህ ናት እንዴ ጠይቅ ብላ የላከችህ? ሲለኝ፣ አዎ አልኩት። እንግዲያው ይህንኑ ንገራት አለኝ።

እማዬ፣ ወጥቼ አጥሩ ሥር ቆሜ አለቀስኩ። ዱሬቲ ቀና ብላ አይታኝ፣ ወደቅክ እንዴ? አለችኝ። አሁን ለእሷ ማልቀስም መታመምም ሁሉም መውደቅ ነው።

አልዋሽሽም፣ እንደ ድሮዋ አትሆንም ይሆናል ብሏል። እጇ አልጠነከረም። ቃላት ይጠፉባታል፤ ማንኪያን የሚያጎርሰው ትለዋለች፤ ከሳቅን ደግሞ ትቆጣለች። ግን ማታ ማታ የምትውጠው ክኒን ታዞላታል። ከጀመረች ወዲህ የወደቀችው አንዴ ብቻ ነው፣ እሱም በመጀመሪያው ሳምንት። ያን ቀን ባለሱቁ ጋሽ ጀይሉ እንደ ልማዳቸው ሊያሸቷት ክብሪት እየጫሩ ሮጠው መጡ። ሰዉ አትንኳት! ይላል። እኔ ግን ሐኪሙ እንዳሳየኝ በጎኗ አስተኛኋትና ክብሪቱን አጥፉልኝ አልኳቸው። ነቅታ ውኃ ስትጠይቅ ጋሽ ጀይሉ፣ እኔ እኮ ስንቱን ክብሪት እናንተ ደጅ ጨረስኩት፣ ለካ በከንቱ ኖሯል! ቢሉ፣ እትዬ ሸዋገነት ከጎን በራቸው ላይ ሆነው፣ አንቱ ደግሞ ከልጅቷ ይልቅ ክብሪትዎ አሳዘነዎት! አሏቸው። ግቢው በሙሉ ሳቀ። ከገመቹ ሐዘን ወዲህ እኛ ደጅ ሲሳቅ ያ የመጀመሪያው ነው።

መርፌ እንዳይወጉ የመከሩሽ እትዬ ሸዋገነት መሆናቸውን አውቃለሁ። የሐኪሙን ቃል ስነግራቸው መቀመጫ ፈልገው ተቀመጡ። ለእናትህ ጻፍላት፣ ዛሬውኑ ጻፍላት አሉኝ። እኔ ትምህርት ቤት ስውል ዱሬቲን የሚይዙልኝ እሳቸው ናቸው። አሁን እማዬ ትላቸዋለች። ስማቸው ጠፍቶባት ይመስለኛል።

እሷን ባየሁ ቁጥር ጥፋቴ ይታየኛል ብለሽ የሄድሽ ዕለት፣ አባባ ዝም ያሉት ፈርደውብሽ አይደለም። ምን እንደሚሉሽ ስላላወቁ ነው። አሁን የሚሉሽ አግኝተዋል። ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አስነብበውኝ፣ ጥፋት የለባትም የሚለውን ጎላ አድርገህ ጻፈው ብለውኛል። እማዬ፣ ጥፋት የለብሽም።

በመጋቢት የመጀመሪያው ቅዳሜ የጊንጪው አውቶቡስ አስኮ ሲደርስ ዱሬቲን ይዤ ፌርማታው ላይ እቆማለሁ። ማን እንደሚመጣ አልነግራትም። ከቀረሽ፣ አውቶቡስ ልናይ ነው የመጣነው እላታለሁ።

አምላክ ልብሽን ያሳርፍልሽ፣ መንገድሽንም ያቅናልሽ። የአያቴን ጉልበት ሳሚልኝ።

ልጅሽ፣
የገመቹና የዱሬቲ ወንድም