የማን 2013?

ሰኞ፣ ጥቅምት 10

ስደርስ ላሚቱ ሞታ ነበር። ሁለት ሰዓት ተኩል በእግሬ ዳገት ወጥቼ የደረስኩት ለዚያ ነው። ጥጃው ግማሽ አካሉ ወጥቶ ቀርቷል። ወይዘሮ ጥሩዬ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ በዚያች ላም የሚተዳደሩ ሴት ናቸው። በአንድ ቃል እንኳ አልወቀሱኝም። ውሃ ሰጡኝና "ደክሞሻል፣ አረፍ በይ" አሉኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

የደወሉልኝ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ሞተር ቢኖረኝ ኖሮ ገና ስታምጥ እደርስ ነበር። የመሥሪያ ቤቱ ሞተር መለዋወጫ ይመጣለታል እየተባለ ግቢ ውስጥ ከቆመ ዓመት አልፎታል፤ መቀመጫው ላይ ዶሮ ትተኛበታለች። እኔ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ። የምሠራባቸው ቀበሌዎች ሁሉ ከደብረ ታቦር ወደ ጉና ተራራ ሽቅብ ናቸው። አንዱ ጋ ስደርስ ሌላው ጋ ያለው ሞቶ ይጠብቀኛል።

ወሰንኩ። የራሴን እገዛለሁ። ገንዘብ አጠራቅሜያለሁ፤ መንጃ ፈቃዱም በእጄ ነው። የሌለኝ ልምድ ብቻ ነው።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

ያሉኝ ምርጫዎች፦

ባሕር ዳር ያለው አዲሱ። የዘንድሮ ሞዴል። ያምራል። ዋጋው ግን ያጠራቀምኩትን አሟጦ ይወስዳል፤ ብወድቅበት ከራሴ ይልቅ ለእሱ ነው የማለቅሰው።

ደላላው ፎቶ የላከልኝ። ፎቶው ላይ ታርጋውን በጣቱ ሸፍኖታል። ይቅርብኝ።

የመምህር ይርጋ። ዘጠነኛ ክፍል ሒሳብ ያስተማሩኝ ናቸው። ዝውውር አግኝተው ወደ ባሕር ዳር ሊሄዱ ስለሆነ ሞተራቸውን እየሸጡ ነው። "የ2013 ሞዴል ናት፤ አንድ ዓመት ብቻ የሠራች ሆና ነው በ14 የገዛኋት" አሉኝ። ሊብሬውንም አሳዩኝ፣ 2013 ይላል። ዘንድሮ 2018 ነው፤ አምስት ዓመት ማለት ነው። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ የት ይገኛል?

ከሥራ በኋላ ሜዳው ላይ ነዳኋት። ሁለቴ ጠፋችብኝ። በሦስተኛው ፍሪሲዮኑን ቀስ ብዬ ስለቅ ሄደችልኝ። መምህር ይርጋ ዳር ቆመው "ማርሽ ቀይሪ፣ ቀይሪ" ይሉኛል፣ ልክ ሰሌዳ ላይ አቁመው እንደሚያሠሩኝ። ስመለስ ጉንጬ እስኪያመኝ ስቄ ነበር። እገዛታለሁ አልኳቸው። ከነገ ወዲያ መካኒክ አይቷት እንጨርሳለን።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12

ዛሬ ሚካኤል ነው። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ለእማዬ ነገርኳት። ቤት ከገባን በኋላ ነጠላዋን እያጠፈች "በቅሎ ግዢ" አለችኝ።

"እማዬ፣ በዚህ ዘመን በበቅሎ?"

"በቅሎ ገደሉን ታያለች። ያ ብረት ምን ዓይን አለው?"

ምሳ አብረን በላን፣ ስለ ሌላ ነገር አወራን። ግን በልቼ ሳልጨርስ ሰሃኑን አነሳችብኝ። ፈርታለች። እኔም ፈርቻለሁ፤ አልነገርኳትም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13

ከመናኸሪያው ጀርባ ጋሽ ሰይድ የሚባሉ መካኒክ አሉ። በከተማው የቆየ ሞተር ያለው ሰው ሁሉ ያውቃቸዋል። መምህር ይርጋ ክፍለ ጊዜ ስለነበራቸው ቁልፉን ሰጡኝና ብቻዬን ወሰድኳት።

ጋሽ ሰይድ ሞተሩን አስነሥተው ጆሯቸውን ሰጡት። ካቴናውን ሳቡት፣ ጎማውን በጥፍራቸው ቧጠጡት። ከዚያ ጨርቅ ቤንዚን ነክረው መሪው ሥር ያለውን የሻንሲ ቁጥር ጠረጉና "የስንት ናት አሉሽ?" አሉኝ።

"የ2013።"

"የማን 2013?"

አልገባኝም። ቁጥሩን በጣታቸው እየቆጠሩ አሥረኛው ላይ ቆሙ። የፈረንጅ ፊደል ነው፤ ዲ። "ይቺ ፊደል ናት ዓመቷ። ዲ ማለት 2013 ነው፣ በፈረንጅ። በእኛ 2005።"

ሊብሬውን አውጥቼ አየሁት። 2013። የማን እንደሆነ አይልም።

ስምንት ዓመት። አምስት ዓመቷ ነው ያልኳት አሥራ ሦስቷ ነው።

"ሞተሩ ደህና ነው" አሉኝ ጋሽ ሰይድ። "ሰውዬው በደንብ ይዟታል። ግን ለአንቺ አትሆንም።" የፊት ፍሬኗን አሳዩኝ። የዚያ ዘመኖቹ ዲስክ ፍሬን የላቸውም፤ ከጉና ቁልቁል በጭቃ ሲወረድ አያስተማምኑም። አዲሶቹስ አልኳቸው። አዲሶቹ ዲስክ አላቸው፤ ነገር ግን የእግር ማስነሻውን አንሥተውባቸዋል፣ በቁልፍ ብቻ ነው የሚነሡት። "ጉና ላይ ብርዱ ባትሪውን ሲገድልብሽ ምን ልታደርጊ ነው? ትሸከሚዋለሽ?"

ለእኔ የሚሆነው መካከል ላይ ያለው ነው። ዲስክ የገባላቸው፣ የእግር ማስነሻውም ያልቀረባቸው ጥቂት ዓመታት አሉ። የዓመታቱን ፊደሎች እጄ ላይ በስክሪብቶ ጻፉልኝ፦ ኤች፣ ጄ፣ ኬ። "ከኤች ቀጥላ ያለችው ፊደል፣ ‘አይ’፣ የለችም፤ ይዘሏታል" አሉኝ።

ሞተሯን መልሼ ስነዳ መንገዱ አልታየኝም። መምህር ይርጋ ያውቃሉ? አያውቁም? የትኛው ይሻላል?

አርብ፣ ጥቅምት 14

አያውቁም ነበር።

ነገርኳቸው። መጀመሪያ ሳቁ። ቀጥሎ ራሳቸው ወጥተው ተንበርክከው ቁጥሩን አዩት። ሲነሡ ጉልበታቸው ላይ አፈር ነበረ፤ አላራገፉትም።

"የሸጠልኝ ሰው አንድ ዓመቷ ነው ብሎኝ ነው። እኔ ደግሞ 2013 ሲል በእኛ መሰለኝ።" ወደ ሞተሯ ዞሩ። "ስምንት መቀነስ ያቃተው የሒሳብ መምህር።"

አትግዢያት አላሉኝም፣ ግዢያትም አላሉኝም። በር ድረስ ሸኙኝና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ነገ ሌላ የሚያያት ሰው አለ። ይሄን ነገር ለማንም አታውሪው" አሉኝ። እሺ አልኩ። መምህሬ ናቸው። የመጀመሪያ መቶዬን ወረቀት ላይ የጻፉልኝ እሳቸው ናቸው።

እሺ ያልኩበት አፌ ቀኑን ሙሉ መረረኝ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15

ገበያ ውስጥ አንድ ሰው በስሜ ጠራኝ። ሙሉቀን ነው፣ ከአንበሳሜ እየመጣ ድንች የሚነግድ። አንዴ ወደዚህ ገበያ ያመጣቸውን በጎች ከትቤለት አውቀዋለሁ። ፊቱ ፈክቷል።

"የመምህር ይርጋን ሞተር አንቺ አይተሻት ነበር አሉ። ለምን ተውሻት?"

ሊገዛ የመጣው እሱ ነው። ሚስቱ ሁለተኛ ልጅ ልትወልድ ነው፤ ጤና ጣቢያው ሩቅ ስለሆነ ከዚያ በፊት ሞተር እፈልጋለሁ አለኝ።

"ለእኔ ከበደችኝ" አልኩት።

ዋሸሁት። "አይ፣ ለኔ አትከብደኝም" ብሎ እየሳቀ ሄደ። ሰኞ ሊከፍል ተስማምቷል።

የገዛሁትን ሽንኩርት እዚያው ረስቼው መጣሁ። እማዬ ምን ሆነሻል አለችኝ። ምንም አልኳት። በአንድ ቀን ሁለት ውሸት።

እሑድ፣ ጥቅምት 16

ቅዳሴ ላይ ቆሜ አንዲት ቃል አልሰማሁም። ዲስክ የሌላት ሞተር ኋላ ላይ ነፍሰ ጡር ሴት ተቀምጣ ይታየኛል።

እንደወጣሁ በቀጥታ መምህር ይርጋ ቤት ሄድኩ። ዕቃ እያሰሩ ነበር፤ መጻሕፍቱ ሁሉ በካርቶን ገብተዋል። ሳልቀመጥ ተናገርኩ። "ጋሼ፣ ሙሉቀን ጠይቆኝ ዋሸሁት። ለእርስዎ ብዬ ነው። አልቻልኩም። እርስዎ ካልነገሩት እኔ ልነግረው ነው።"

ስናገር ባለቤታቸው ከጓዳ ብቅ አሉ። መምህር ይርጋ ተቆጡ። እሺ ብለሽኝ አልነበረም ወይ አሉኝ። ብያለሁ አልኩ። ገንዘቡ አይደለም አሉ፤ ከተማው ሁሉ ሲስቅብኝ ሻንጣዬን ይዤ ልውጣ ወይ አሉ። እንዲህ ሆነው አይቻቸው አላውቅም፤ ዓይኔን መሬት ላይ ተከልኩ።

ባለቤታቸው ናቸው የጨረሱት። እጃቸውን በቀሚሳቸው እየጠረጉ "ይርጋ፣ የተታለልከው አንተ ነህ። እሱን የምታታልለውም አንተ ትሆናለህ" አሉ፣ ዝግ ብለው። ስልኩን አንሥተው እጃቸው ላይ አስቀመጡላቸው።

ደወሉ። እኔ እዚያው ቆሜ። ከሀ እስከ ፐ ነገሩት፤ ስለ ፍሬኗም፣ እንዴት እንደተሸወዱም። ከዚያ ለረጅም ጊዜ ሲያዳምጡ ቆዩ። ሲዘጉ ፊታቸው ላይ ምን እንዳለ መለየት አልቻልኩም።

"ዋጋውን ከቀነሱልኝ እወስዳታለሁ አለ። የአንበሳሜ መንገድ ሜዳ ነው፣ ሚስቴን ግን በባጃጅ ነው የማስኬዳት አለ።" ስልኩን ለባለቤታቸው መልሰው "አልሳቀም" አሉኝ።

ወጥቼ አጥሩ ሥር ቁጭ አልኩ። እውነቱን ልጻፍ፦ ደስ ብሎኛል፣ ትንሽም ቀንቻለሁ። ነድቻት ነበርና።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 19

መምህር ይርጋ ሰኞ ሞተሯን ሸጡ። ዛሬ ጠዋት ጋሽ ሰይድ ጋ ቆመው አገኘኋቸው። "ከመሄዴ በፊት ለአንቺ አንድ እናግኝልሽ" አሉኝ። ይቅርታ እንደማይጠይቁኝ አውቃለሁ፣ እኔም አልፈልግም።

ሦስት አየን። አንደኛው አዲስ ቀለም ተቀብቶ ቁጥሩ ተፍቋል። ሁለተኛው ኤል ነው፣ የእግር ማስነሻ የለውም። ሦስተኛው አንድ ነጋዴ ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሶ የቆመ ነው፤ ባለቤቱ መኪና ገዝቶ ትቶታል። መምህር ይርጋ ማንም ሳይነግራቸው ተንበርክከው ጠረጉት። በጣታቸው ቆጠሩ። ደግመው ቆጠሩ።

"ጄ" አሉ። "2018 በፈረንጅ። በእኛ አሥር፣ ወይም አሥራ አንድ።"

ባለቤቱ ግን የ2013 ነው አለን፤ የገዛበትን ዓመት ነው የሚቆጥረው። መምህር ይርጋ ቁጭ ብለው፣ ሳይቆጡ፣ አስረዱት። ሰውዬው ራሱ ገረመው። ዋጋውንም ቀነሰልን። ዲስክ አለው። ጋሽ ሰይድ በእግራቸው አንዴ ረገጡት፣ ተነሣ።

ገዛሁት።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 22

ይህን የምጽፈው ጉና ሥር፣ አንድ ገበሬ ቤት ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ነው። ሃምሳ ደቂቃ ፈጀብኝ። አንዴ ወድቄያለሁ፣ ቀስ ብዬ፣ ጭቃው ላይ፤ ጉልበቴ ተልጧል፣ ሞተሯ አንድ መስታወት አጥታለች። የክትባቱ ሳጥን ደህና ነው። ሠላሳ ስምንት በግ ከትቤ ጨረስኩ፣ ገና እኩለ ቀን አልሆነም።

እማዬ ስወጣ አልሸኘችኝም ነበር። አሁን ደወለች።

"ደረስሽ?"

"ደረስኩ።"

"ወድቀሽ ነው የደረስሽው?"

ከዚህ በኋላ አልዋሽም ብያለሁ። "አንዴ" አልኳት።

ከዚያ "ስትወርጂ ዝናቡን ጠብቂው፣ እስኪያባራ" ብላ ዘጋችው።

ደመናው ከላይ እየወረደ ነው። ከሁለት ዳገት ማዶ ሌላ ሰው በሬዬ ታሞብኛል ብሎ ሁለቴ ደውሏል፤ ከጠበቅሁ ይመሻል፣ ካልጠበቅሁ ጭቃው አለ። ተነሥቼ የሞተሯን የፊት ፍሬን ጨበጥኩት፣ ለቀቅኩት፣ እንደገና ጨበጥኩት። ይይዛል። የመጀመሪያው ጠብታ ወረቀቱ ላይ አረፈ።