የትኛው እሺ?

ሰኞ፣ ኖቬምበር 3። ጠዋት።

ዛሬም ጋዜጣ ማጠፍ። ጣቴ ሁሉ ቀለም። አዲስ አበባ ሬዲዮ ጣቢያ ስሠራ ስቱዲዮ፣ ሹፌር፣ አለቃ ነበረኝ። እዚህ ስዊድን፣ ኖርስቦሪ፣ ያለን አንድ ክፍል፣ አራት ገጽ ጋዜጣ፣ በነጻ የምንሠራ ጥቂት የሰፈር ሰዎች። ክፍላችን ከትቬትስቱጋው፣ ከሕንፃው የጋራ ልብስ ማጠቢያ፣ አጠገብ ነው። ማሽኑ ሲጨምቅ ጠረጴዛችን ይንቀጠቀጣል። አዘጋጃችን ካሪን ከአዲስ ዓመት በኋላም የአማርኛውን ገጽ ትይዣለሽ ወይ አለችኝ። እሺ አልኳት። ቋሚ ሥራ እየፈለግሁ መሆኔን አልነገርኳትም።

ስወጣ በሩ ላይ ማስታወቂያ አየሁ። ትቬትስቱጋው ሊዘጋ ነው። ከጸደይ ጀምሮ ከዳገቱ ማዶ ሄዶ ማጠብ። አከራዩ ድርጅት ቤት ለቤት ጠይቆ፣ ነዋሪዎቹ ተስማምተዋል ይላል። እነማን ናቸው የተስማሙት?

ማክሰኞ።

ወ/ሮ በላይነሽ ጋ ወጣሁ፣ ሦስተኛ ፎቅ። ጉልበታቸው አይታዘዝላቸውም። በበረዶ፣ ያንን ዳገት፣ የልብስ ጋሪ እየጎተቱ? አይታሰብም። ተስማምተው እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

«ኧረ እኔ መቼ ተስማማሁ? እሺ ነው ያልኩት!»

ድርጅቱ ለመጠየቅ የላካት ስዊድናዊት ወጣት፣ ሐበሻ ጓደኞች አሏት። እሺ ማለት «ኦኬይ» መሆኑን ታውቃለች፣ ኮርታበታለች። እሳቸውም በአማርኛዋ ደስ ብሏቸው መርቀው ሸኟት። ሳቄ መጣ። ከዚያ ሌሎቹስ አልኩ። ጎረቤቶቻቸውን አንኳኳሁ። ሁሉም እሺ ብለዋል። አንዳቸውም አልተስማሙም።

ረቡዕ፣ ከሰዓት።

ካሪን ግራ ገባት። ካልፈለጉ ለምን አዎ አሉ? አዎ አላሉም፣ እሺ ነው ያሉት። ቁጭ ብዬ አስረዳኋት። ሰምቼሃለሁ የሚል እሺ አለ። ደክሞሃል፣ በቃ ሂድ የሚል አለ። እግዜር ያውቃል የሚል አለ። አልፎ አልፎ ደግሞ አዎ የሚል። እስኪርቢቶዋን አስቀመጠች። ይህንኑ ጻፊው አለች፣ በሁለቱም ቋንቋ፣ የመጀመሪያው ገጽ ላይ። ለአንዲት ቃል የመጀመሪያ ገጽ? ፈራሁ።

ድርጅቱ ለሚቀጥለው ሐሙስ ስብሰባ ጠርቷል። የማይስማማ ራሱ መጥቶ ይናገር ነው። ወ/ሮ በላይነሽ አልሄድም አሉ። በአደባባይ እምቢ ብለው አያውቁም። የሰው ልጅ ከማሳፍር ገንዳ ውስጥ በእጄ አጥባለሁ አሉ። ተናደድኩ። በእሳቸው አይደለም። በአስተዳደጋችን፣ መሰለኝ።

ሰኞ፣ ኖቬምበር 10።

ጋዜጣው ወጣ። ማስታወሻዬ፣ ምን ልበልህ! ማጠቢያው ማሽን ላይ ተለጥፎ አገኘሁት። ሁለት የሶማሌ እናቶች አስቁመውኝ፣ እኛም እንዲህ ያለች ቃል አለችን አሉኝ። ቱነልባና፣ የምድር ውስጥ ባቡሩ፣ ውስጥ አንድ ስዊድናዊ አዛውንት ገጹን እያየ ለብቻው «እሺ፣ እሺ» ሲል ሰማሁ። ሬዲዮ ላይ ስናገር አድማጬን አይቼ አላውቅም። እዚህ አንባቢዬ ካልሲውን ሲያጥብ አየዋለሁ። ይገርመኛል።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 13። ከስብሰባ መልስ።

አዳራሹ ሞልቶ ሰው ቆሟል። ወ/ሮ በላይነሽ መጡ! ካፖርታቸውን እንደቆለፉ፣ በሩ አጠገብ፣ ለመውጣት እንዲመች። የድርጅቱ ሰውዬ በትሕትና አስረዳ። አስተርጓሚው ተረጎመ። ሰውዬው፣ ተስማምተናል ወይ አለ። ወ/ሮ በላይነሽ ተነሡ።

«እሺ» አሉ።

ሰውዬው ፈገግ ብሎ ሊጽፍ ሲል እጃቸውን አነሡ።

«እሺ፣ ሰምቼሃለሁ ልጄ። ኔይ።»

ለኔይዋ፣ ለስዊድንኛው እምቢ፣ አስተርጓሚ አላስፈለጋቸውም። ከኋላ አንዱ ተነሣ፦ እሺ፣ ኔይ። ሌላዋም። የሶማሌ እናቶቹም። የቱነልባናው አዛውንት ሳይቀር፣ በተሰባበረ እሺ። አለቀስኩ፣ ምን ይደረግ። በሥራ ዘመኔ ሁሉ እንዲህ ያለ ነገር አላየሁም። አንድ ገጽ ወረቀት ይህን ያደርጋል? ሰውዬው እስኪርቢቶውን ኪሱ ከተተ። ሁሉም ሰው እንደገና፣ በደንብ እስኪጠየቅ ድረስ ትቬትስቱጋው አይዘጋም አለ። ወ/ሮ በላይነሽ ሲወጡ ጨበጡት፣ መረቁትም።

ዓርብ።

ጋዜጣ ማጠፍ። ማሽኑ ይጨምቃል፣ ጠረጴዛው ይንቀጠቀጣል። ካሪን የአዲስ ዓመቱን ነገር መልሳ አነሣች። እሺ አልኳት። ማጠፏን ትታ አየችኝ። የትኛው እሺ?

አዎ የሚለው።