ፍሪጁ ውስጥ የሚበራው አምፖል

ውድ ወንድሜ አርቮ፣

እንደምን ከርመሃል? እግርህስ እንዴት ነው? ሁለት ካልሲ ደርበህም ይበርድህ ስለነበር ከሁሉ በፊት የምጠይቅህ እሱን ነው። እኔ ደህና ነኝ። እማዬም ደህና ናት፤ ማለቴ ትበላለች፣ ትሠራለች፣ ትተኛለች። ውሻህ ሙስቲ አሁንም የምትመጣ እየመሰለው በሩ ሥር ይተኛል።

ያለህበትን አውቃለሁ። መካነ መቃብሩ ጥግ፣ አስከሬን የሚቆይበት ድንጋዩ ቤት ውስጥ ነህ። ጎረቤታችን ጋሽ ኡርሆ እንደሚለው በዚህ ክረምት ከአንተ ጋር አራት ሰዎች አሉ፤ በረዶ የሆነው መሬት ሲፈታ፣ በሜይ፣ በየተራ ትቀበራላችሁ። በበረዶ ላይ የምትነዳው ሞተርህ፣ በረዶው ተሰብሮ፣ ከነአንተ ሐይቁ ውስጥ ከገባ አራት ወር ሆነው። ቄሱ ጸሎቱን አድርሰዋል፣ ሰዉም በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ሾርባውን ጠጥቶ ሄዷል። እኔና እማዬ ግን ገና መሃል ላይ ነን።

የምጽፍልህ ስለ ፍሪጁ ነው። የወጥ ቤቱን አይደለም፤ ጋራዥ ውስጥ ያለውን፣ ከአያታችን የቀረልንን ቡናማውን። በኖቬምበር የገደልከው አጋዘን ሥጋ በረዶ በሚያደርገው ላይኛው ክፍል ውስጥ እንዳለ ነው። እማዬ ያንን በር ማንም እንዲከፍተው አትፈቅድም። «ልጄ አፈር ሳይገባ የእጁ ነገር አይነካም» ብላለች።

በጃንዋሪ የመብራት ሂሳቡ ሲመጣ ወረቀቱን እንደያዘች ቆማ ቀረች። አሳዘነችኝ። የፊዚክስ አስተማሪያችን ሶኬት ላይ የሚሰካ ትንሽ ቆጣሪ አውሶኝ ለካሁት፤ ያ ፍሪጅ ብቻውን በወር ሠላሳ ዶላር ይበላል፣ የእማዬን ሁለት ሰዓት ሥራ። ለጋሽ ኡርሆ ስነግረው «ይሄማ ፍሪጅ አይደለም፣ ተከራይ ነው፤ ያውም ኪራይ የማይከፍል!» ብሎ ሳቀ።

የተከለከልኩት የላይኛውን በር ስለሆነ የታችኛውን ከፈትኩ። ከአንድ ጠርሙስ ሰናፍጭ በቀር ባዶ በሆነው ፍሪጅ ውስጥ በሽቦ ያሰርከው አምፖል ቦግ ብሎ በርቷል። ሳቄ መጣ። ማቀዝቀዣን የሚያሞቅ ሰው ከአንተ ሌላ የት ይገኛል? የሚበራውስ ለማን ነው፣ ለሰናፍጩ? ብዬ ፈታሁት። ለምን እንዳሰርከው ምነው ነግረኸኝ ቢሆን ኖሮ። ምናልባትም ነግረኸኛል፤ አንተ ስታወራ እኔ ስልኬ ላይ አፍጥጬ ይሆናል።

በፌብሩዋሪ ሂሳቡ ወረደ። እማዬ ካንተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርሷ ታየ። «ምን አድርገህ ነው አንተ?» አለችኝ። የማያስፈልግ መብራት እያጠፋሁ ነው አልኳት። ግንባሬን ስማ «አባወራዬ!» አለችኝ። አባባ ጥሎን ከሄደ ወዲህ እንደዚያ የምትጠራው አንተን ብቻ ነበር። ወረቀቱን ወጥ ቤት ፍሪጁ በር ላይ በማግኔት ለጠፈችው፤ እስከ ዛሬ አልወረደም።

በሳምንቱ ከጋራዡ ፍሪጅ ሥር ቡናማ ውኃ ሲወጣ አየሁ። ላይኛውን በር ከፈት አድርጌ ወዲያው መልሼ ዘጋሁት። ሽታውን አልነግርህም። ከዚያ ጋሽ ኡርሆ ዘንድ ሄጄ፣ ሰዎች ፍሪጅ ውስጥ አምፖል የሚያበሩት ለምንድን ነው ብዬ እንደ ዘበት ጠየቅኩት። «ጋራዡ እንደ ታችኛው ክፍል ሲቀዘቅዝ ፍሪጁ ሥራው ያለቀለት መስሎት ይተኛል። ሞተሩ ይቆምና ላይ ያለው ይቀልጣል። አምፖሉ ታች ሞቅ እያደረገ ይቀሰቅሰዋል» አለኝ። አንድ ሰው ሳያውቅ ቢፈታውስ? አልኩት። «እዚህ አገር አድጎ? ያንን ሥጋ ውሻም አይበላለት!» አለ። እኔም አብሬው ሳቅኩ።

ውኃውን ጠርጌ አምፖሉን መልሼ አሰርኩት። በማግስቱ ሁሉም እንደ ድንጋይ ደርቆ ነበር። የተበላሸ ሥጋ በረዶ ሲሆን አይሸትም፣ ከደህናው አይለይም። ሂሳቡም ወደ ድሮው ተመለሰ፤ እማዬ ለሱ ብላ በምትሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ቅዳሜንም መሥራት ጀመረች። «ግድ የለም። የቀብሩ ዕለት የልጄን አጋዘን ጠብሼ ሰዉን አበላበታለሁ። ሁሉም ከእጁ ይቀምሳል» አለችኝ። ማን ምን ይዞ እንደሚመጣ ሳይቀር ጽፋለች።

ሦስት ጊዜ ልነግራት ሞክሬያለሁ። አንዴ «እማዬ» ካልኩ በኋላ ዞር ብላ ስታየኝ «ጨው አቀብይኝ» አልኳት። ዝም ባልኩ ቁጥር እሷ ለበሰበሰ ሥጋ ትሠራለች፤ ብናገር ደግሞ አንተን ሁለተኛ የገደልኩባት እኔ እሆናለሁ። የሞተሩ ድምፅ በመኝታዬ ግድግዳ በኩል ይሰማል። ሲነሳ ሂሳቡን እቆጥራለሁ፣ ሲቆም ደግሞ ዳግም የቀለጠ እየመሰለኝ እደነግጣለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ እሷ ስትወጣ እንኳ ምንም ላደርግ አልችልም። እማዬ ብቻዬን መተው ስለምትፈራ እንደ ሕፃን ጋሽ ኡርሆ ዘንድ አድርሳኝ ትሄዳለች።

ጋሽ ኡርሆ ሰላም ብሎሃል፤ ለዓሣ ማጥመድ የተዋስከውን የበረዶ መሰርሰሪያ ግን ይቅር አላለህም። ሙስቲ በጭራው ሰላም ይልሃል። እማዬ የራሷን ሰላምታ ራሷ ትንገርህ፤ እሑድ እሑድ ድንጋዩ ቤት በር ላይ ትቆም የለ?

ዛሬ ጋሽ ኡርሆ ሐኪም ጋ ስለሄደ እማዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን ትታኝ ወጣች። ከበሩ ሁለቴ ተመልሳ «ሐይቁ ጋ ድርሽ እንዳትል» አለችኝ። መኪናዋ ቁልቁለቱን ሲወርድ ሰማሁ። ሙስቲን ውጭ አሰርኩትና ጋራዥ ገባሁ። ወለሉ ላይ ጋዜጣ አንጥፌ ጥቅሎቹን አንድ በአንድ አውጥቼ ደረደርኳቸው፤ አሥራ አንድ ናቸው። ሁሉም ላይ ጽሕፈትህ አለ። አንዱ «የካሌ፤ እንዳያሳርረው እዩት» ይላል። የእኔን ትንሽ ይዤው ቆየሁ፣ ከዚያ ከሌሎቹ ጋር አስቀመጥኩት። የፍሪጁን ሶኬት ነቀልኩ። ሞተሩ ተንቀጠቀጠና ዝም አለ። ሁለቱንም በሮች ወለል አድርጌ ከፈትኳቸው። ጥቅሎቹ እማዬ እስክትመለስ ይቀልጣሉ። አሁን የዓሣ ባልዲህን ደፍቼ ተቀምጬበት ይህን እጽፍልሃለሁ። አምፖልህ በራሱ ሶኬት ስለሆነ እሱን አላጠፋሁትም፤ እማዬ ስትገባ ሥጋውንም እኔንም በደንብ እንድታይ።

ወንድምህ ካሌ

ካልዩሜት፣ ሚሺጋን፤ ከጋራዡ
ቅዳሜ ጠዋት፣ ኤፕሪል 13