የዳልቻ ደረጃ

ሰኞ
ዛሬም አልገጠመም። አክሲዮን ለሚሸጡ አምስት ኩባንያዎች በሁለት ስሌት ደረጃ እያወጣሁ ነው፤ መስፈርቶቼ ትርፍ፣ ሥጋት፣ የትርፍ ክፍፍል፣ ቶሎ የመሸጥ ዕድል። ለየመስፈርቱ ክብደት ሰጥቼ ስደምር አንደኛ የወጣው ባንክ፣ «ለምርጡ ማን ይቀርባል» በሚለው ስሌት ሦስተኛ ሆነ። አማካሪዬ ጋ ደወልኩ። «ሁለቱም ትክክል ነው፤ ለምን እንደተለያዩ ጻፊ» ብለው ዘጉት።

ለመመረቂያ ጽሑፌ ይበቃ ይሆናል። ለእናቴ ግን አይበቃም። አንዱን በሬያችንን፣ ቦራን፣ ለአባቴ ተዝካር ሸጥነው፤ የቀራት በሬ ዳልቻ ብቻ ነው። «ቅዳሜ ገበያ እናውጣውና አክሲዮን ግዥልኝ። የቱን እንደሆነ አንቺ ታውቂያለሽ» ብላኛለች። ከየት አውቄ!

ማክሰኞ
ከላሊበላ በእግሬ ወጥቼ እናቴ ቤት፣ ነአኩቶ ለአብ አጠገብ፣ ገባሁ። ዳልቻ ደጅ ቆሟል። ሳየው አባቴ ናፈቀኝ።

ልጅ ሳለሁ በሬ ሊገዙ ሙጃ ገበያ ይዘውኝ ሲሄዱ አባቴ በሬውን ይዞረዋል፦ ሰኮናውን፣ ጥርሱን፣ ሻኛውን። እናቴ በሬውን ትታ የሻጩን ፊት ታያለች። ከዚያ መንገዱን ሙሉ ክርክር! ያኔም ዘዴው ሁለት ነበር፤ አማካሪ ግን አልነበረንም። ያን ክርክር እንደገና ብሰማው ምን አለበት።

ረቡዕ
ጉራች ትዝ አለኝ። ገበያው ሁሉ ያደነቀው በሬ ነበር። አባቴ ከዳልቻ ጋር ጠመደው፤ ጉራች ይጣደፋል፣ ዳልቻ ይጎተታል፣ ትልሙ ተጣመመ። ከርሞ ጉራችን ሸጠና መልኩ የማያምረውን ቦራን አመጣ። ሰው ሲስቅበት «በሬ የሚገዛው ለጓደኛው ነው» አለ።

ሠንጠረዤን ከፈትኩ። በአንዱም ስሌት ከላይ ያሉት ሁለት ባንኮች፣ በሌላውም ሁለት ባንኮች። አንዱን ባንክ የመታ ችግር ሌላውንም አይምርም! አንድ በአንድ አወዳደርኳቸው እንጂ ማን ከማን ጋር እንደሚሄድ አልጠየቅሁም። ለጽሑፌ አንድ ምዕራፍ አገኘሁ። ደስ አለኝ።

ሐሙስ
ለቀልድ ዳልቻን ከኩባንያዎቹ ጋር ስድስተኛ አድርጌ አስገባሁት። በሁለቱም ስሌት መጨረሻ ወጣ። ገና ዛሬ ተስማሙ!

ለእናቴ ስነግራት ሳቀች። አባቴ ካረፈ ወዲህ እንዲህ ስትስቅ አልሰማሁም።

«ሙጃም መጨረሻ ነበር እኮ። ገበያው ተፈትቶ፣ ሌላ በሬ ጠፍቶ ነው አባትሽ የገዛው።» ቀጥላም «መሸጡን ወድጄው መሰለሽ? በአንድ በሬ ምን ይታረሳል ብዬ እንጂ» አለች።

ጎረቤታችን ጋሼ ሙላውም ያላቸው አንድ በሬ ነው። ለምን መቀናጆ አትጠይቂያቸውም፣ ሁለቱ በሬዎች ተጠምደው የሁለታችሁንም መሬት እንዲያርሱ አልኳት። «አፍራለሁ። አባትሽ በነበረበት ጊዜ ተለማኝ እንጂ ለማኝ አልነበርንም» አለች። እኔው ሄጄ ጠየቅሁ። «ምን ገዶኝ፣ ነገ በጧት እንሞክራቸዋ!» አሉ።

ዓርብ
ጋሼ ሙላው ቀንበሩን ይዘው መጡ። ዳልቻ ማንም ሳይነዳው ሄዶ በቀኝ በኩል ቆመ። ግራው የቦራ ቦታ ነበር። ባዶውን ትቶ ጠበቀ። እናቴ በነጠላዋ አፏን ያዘች፤ እኔ አለቀስኩ።

የጋሼ ሙላው በሬ የለመደው ቀኝ ይሁን ግራ መጠየቁን ረስቼዋለሁ፤ ይሄ ሁሉ መስፈርት አውጥቼ! ደግነቱ እያመነታም ቢሆን በግራ ገባ።

የመጀመሪያው ትልም ጠመመ። ሁለተኛውም።

«አባትሽ ቢሆን ጊዜ ይሰጣቸው ነበር» አለች እናቴ።

ነገ ገበያ አንሄድም።